ልጆቹ የቱ ጋ ሳቁ?

በርገን፣ ኖርዌይ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለንጋቷ፣

የደብረ ብርሃን ክረምት ከነጉሙ ሳይጎዳሽ፣ መርፌሽ ሳይሰበር፣ ዐይንሽ ሳይደክም ይህች ጽሑፍ ትድረስሽ። እኛ ደኅና ነን። እኔ አውቶቡሴን እነዳለሁ፣ ዝናቡም ይዘንባል፣ ተመስገን ነው። በስልክ ብንጀምረው ገና ሰላምታው ሳያልቅ እንደምንጣላ ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ እንደ ልማዳችን በእጄ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ።

ነገሩ ስለ ፊልማችን ነው። «የጥድፊያ ሽማግሌ» አንኮበር ላይ ከተቀረጸ በመጪው ጥር ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል። አዘጋጃችን ወልደኪዳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ኖሮ ድግስ ይደግስ ነበር። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ዘርአ ዳዊትን አጠገቤ አስቀምጬ አሳየሁት። አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ በልጦኛል። አማርኛው እንዳያስቸግረው ታሪኩን አስቀድሜ ነገርኩት። ባለጸጋ ተቀናቃኝ የመጣበት ጎረምሳ ለጋብቻ የሚልከው ሽማግሌ ቢያጣ፣ ከቀብር የሚመለሱ ሦስት አዛውንቶችን በጥድፊያ ወደ ልጅቷ ቤት ይነዳቸዋል። እነሱም ነጠላቸውን ለሐዘን እንዳዘቀዘቁ፣ ጥለቱን ከላይ እንዳደረጉ ይገባሉ። ቤተሰቡ መርዶ ሊነግሩን መጡ ብሎ እሪ ይላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እዚህ ቤት ሰው ሞቷል ብለው አብረው ያለቅሳሉ። ጎረምሳው፣ ማለትም እኔ፣ ከገለባው ክምር ኋላ ሆኜ ለቅሶውን ስሰማ ልጅቷ የሞተች መስሎኝ እየጮኽኩ እገባና ያንን ሙሾዬን አወርዳለሁ።

በዚያ ዘመን ሽማግሌዎቹ በሩን ሲያልፉ ነበር አዳራሹ የሚናጋው። ልጄ ግን ስልኩን ነካካ፣ ቀና አለ፣ «አባ፣ የሚያስቀው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ከዚያም ለጥናት ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ንጋቷ፣ ይህ ልጅ እኔን የሚያውቀኝ የአውቶቡስ ዩኒፎርም ለብሼ ነው። አገር ቤት ሰው ከመንገድ ማዶ በፊልሙ ስሜ ይጠራኝ እንደነበር ስነግረው በትሕትና ራሱን ይነቀንቅልኛል። ስለዚህ አፌ አምልጦኝ «የደብረ ብርሃን ልጆች ዛሬም ያዩታል፣ ዛሬም ይስቃሉ» አልኩት። እስቲ አታሳፍሪኝ። ለወጣቶች አሳዪልኝና ሲስቁ ቅረጪልኝ። ከሳቁ በጥር ይዤው እመጣለሁ፤ አባቱ ማን እንደነበር በዐይኑ ያያል።

ጤናሽን ከልቤ የምመኝ
የሺጥላ

*

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም የሺጥላ፣

የባሕር ማዶ ዝናብ ቢያረጥብህም ልብህን ያሙቅልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ግን የዚህን አገር ብርድ እምቢ ብሏል። የስፌት መኪናውን በእግሬ ስረግጥ ከኔ ቀድሞ ያቃስታል። ሰው ካገኘህ ያንን ባለፈው የላክኸውን ቅባት አትርሳብኝ።

የፊልሙን ነገር ፈጽሜልሃለሁ። ናዝራዊት የምትባል የጎረቤቴ ልጅ አለች፤ ወጣቶች ሰብስባ ፊልም የምታሳይ፣ ካዩ በኋላ ቁጭ ብለው የሚከራከሩበት ክበብ ያቋቋመች ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ምላሷ የሰላ ነው። ከድሮው ካሴት የተገለበጠውን ሰጠኋት፣ ባለፈው እሑድ አዳራሽ ውስጥ አሳየችላቸው። ብዙ ልጆች መጡ። እኔም ከኋላ ተቀምጬ አየሁ።

ሳቁ። በደንብ ሳቁ።

ለመቅረጽ ስልኬ ሞልቶብኝ አልቻልኩም። አዳራሹም ጨለማ ነበር። ጥር ላይ አንኮበር ወስደን እዚያው በተቀረጸበት ቦታ እናሳየዋለን እያሉ ነው። ዘርአ ዳዊትን ሳምልኝ። የልጁን ፎቶ አይቼ ነፍሳቸውን ይማርና እናትህን እማማ ወርቅአገኘሁን መሰለኝ፤ ግንባሩ ቁርጥ እሳቸውን ነው።

አምላክ ከክፉ ይሰውራችሁ፣
ንጋቷ

*

በርገን
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህት ዓለም ንጋቷ፣

ሰላምታዬ ካለፈው የተረፈ ነው፣ አሁን ግን ትዕግሥት የለኝም። ቅባቱ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ተልኳል፣ በእሱ አትስጊ።

«ሳቁ» ብለሽ ዝም ትያለሽ? ንጋቷ፣ አንቺ እኮ ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ የሽንኩርት ሻጯን ጠብ እስከ ነገ ጠዋት የምታወሪ ሴት ነሽ። የቱ ጋ ሳቁ? ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ነው? ከገለባው ስወጣ? ሙሾውስ ላይ? «አንቺ ከሌለሽ የሁለት ሰው ስኳር በማን ራሽን ካርድ አወጣለሁ» ስል ምን ሆኑ? ያኔ ደብረ ብርሃን ላይ እዚያች ጋ ስንደርስ ሰው ከወንበር ይወድቅ ነበር፤ ሳቁ እስኪበርድ ቴፑን ያቆሙት ነበር።

ለልጄ ነግሬዋለሁ። «ይኸው፣ ሳቁ» አልኩት። እሱም «የቱ ጋ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? እውነቱን ንገሪኝ፣ በቶሎ።

መልስሽን የምጠብቅ
የሺጥላ

*

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሺጥላ፣

ክረምቱ አልፎ አደይ ለማየት ያብቃን። የዘገየሁት በተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቶች ደጄ ላይ ያድራሉ። ደብዳቤህን ማንበቤን ስልክህ እንደሚነግርህ አውቃለሁ። ግማሹ ምክንያት ዩኒፎርሙ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ስለጠፋኝ ነው። አሁን ግን እቅጩን ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ብትሰማው ይብሳል።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ማንም አልሳቀም። ነጠላ አዘቅዝቆ መልበስ የሐዘን መሆኑን ከፊሎቹ አያውቁም፣ የሚያውቁትም አላስተዋሉም። አንዱማ የድሮ ፋሽን መስሎት ነበር። አንተ ከገለባው ስትወጣ ጥቂት ልጆች ፈገግ አሉ፣ ፀጉርህ ላይ ገለባ ስለነበር። ከዚያ ሙሾው መጣ። ወንድሜ፣ ሙሾው በጣም ረዘመ። እኔ ራሴ እንዲህ ረጅም መሆኑን ረስቼው ነበር። ራሽን ካርዱ ጋ ስትደርስ አንድ ልጅ ዞር ብሎ «ራሽን ካርድ ምንድን ነው? እንደ ሲም ካርድ ነው?» አለ፣ እና በእሱ ሳቁ። ሌላው ከኋላ «አሳልፊው» ብሎ ጮኸ። ናዝራዊት ደግሞ ሲያልቅ ተነሥታ ምን አለች መሰለህ? «ልጅቷንስ ማን ጠየቃት? ሁሉም ያለቅስላታል እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን አላየነውም።» እኔም ሠላሳ ዓመት አይቼው ይህን አላሰብኩትም።

በደንብ የሳቁት እኔ ስገባ ነው።

ታስታውሰው እንደሆን አላውቅም። የልጅቷ አክስት ሆኜ፣ የዳቦ ትሪ ይዤ፣ እንግዶች መጡልን ብዬ በፈገግታ ስገባ ነጠላቸውን አያለሁ። ፈገግታው ፊቴ ላይ እንደቆመ ትሪውን ቀስ ብዬ መሬት አስቀምጣለሁ፣ ነጠላዬን አወልቃለሁ፣ አዘቀዝቃለሁ። ከዚያ ለቅሶ ከተጀመረ መብላት የለምና፣ ጎንበስ ብዬ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጎርሼ እሪ እላለሁ። አንድ ቃል የለኝም። ልጆቹ ግን ነጠላው ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ፊት ላይ አነበቡት። አዳራሹ ተናጋ። «ድገሚው» ብለው ናዝራዊትን አስደጋገሟት። ያ ጉርሻ እኮ በድርሰቱ አልነበረም። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ቁር ነበር፣ ዳቦው ደግሞ ትኩስ ነበር። ወልደኪዳን ሳቁን አፍኖ «ይለፍ» አለ።

ናዝራዊት ያቺን ቁራጭ ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። ከሰላ ድንጋይ የመጣ ሹፌር ሳይቀር መናኸሪያው ላይ አስቁሞኝ «እማማ፣ እስቲ ጉርሻዋን» አለኝ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ቅባቱ ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ።
ንጋቷ

*

በርገን
መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለንጋቷ፣

እንኳን አደረሰሽ። ዓመቱ የደስታሽ ሆኗል፣ ይጨምርልሽ።

ትናንት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ልጄ እየሳቀ መጣ። ይህ ልጅ ከኔ ጋር ሲስቅ ከመቼ ወዲህ እንዳየሁት አላስታውስም። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «አባ፣ ይህችን ሴትዮ ታውቃታለህ? የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አይተዋታል፣ አማርኛ ሳያውቁ ይስቃሉ» አለኝ። አየሁ። አንቺ ነሽ፣ ከነትሪሽ። «የኔ ፊልም እኮ ነው፣ ከበስተኋላዋ በበሩ የሚታየው ገለባ ኋላ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩት። አጎላው፣ አሳነሰው፣ «አትታይም» አለኝ።

ንጋቷ፣ ከአንጀቴ ነው የምጽፍልሽ። ቀናሁ። እንደ ሕፃን ቀናሁ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ እኔ ግን ራሴ ምቀኛ ሆኜ አረፍኩት፣ ያውም በአክስቴ ልጅ። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ያንን ሙሾ ለማጥናት ቁንዲ ተራራ ሥር ከከብት ጋር እየጮኽኩ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ነጠላው ተዘቅዝቆ ይግባ የሚለውን ሐሳብ ለወልደኪዳን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ፖስተሩ ላይ የወጣው የኔ ፊት ነው። አንቺ ትሪ ነው የያዝሽ። ርቦሽ ዳቦ ጎረስሽ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አገር ሳቀልሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያቺን ልጅ ቁራጩን አውርጂው በያት። ፊልም ሙሉውን ነው የሚታየው እንጂ ተቆርጦ አይደለም። ጥር ላይ አልመጣም፤ ፈቃድ አላገኘሁም። ደግሞስ መጥቼ ምን ላሳየው? የአክስቱን ጉርሻ?

የሺጥላ

*

ደብረ ብርሃን
ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየሺጥላ፣

ቤትህን ሰላም ያድርገው፤ ልብህን ደግሞ ይመልስልህ። ደብዳቤህን አንብቤ ወዲያው ጻፍኩና ቀደድኩት። ቀጥሎም ጽፌ ቀደድኩ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ልተወው ነበር። ግን ዝም ስል የኖርኩት ይበቃል።

ቁራጩን አላስወርድም።

ቀናሁ አልከኝ። ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ። ቅናት አንተ ቤት ገና እንግዳ ነው፤ እኔ ዘንድ ግን ሠላሳ ዓመት ተቀምጧል፣ መደቡን ሁሉ ያውቀዋል። አንተ ከአገር ከወጣህ ወዲህ እዚህ ከተማ ስሜ «የየሺጥላ አክስት ልጅ» ነው። ሠርግ ስጠራ «እስቲ ሙሾውን ታስታውሺዋለሽ?» ይሉኛል፣ የኔን ሳይሆን ያንተን። ባለቤቴ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለትና፣ ሲያጨኝ እንኳ ሽማግሌዎቹ ቆመው ያወሩት ስለ አንተ ነበር። እኔም ፊልሙ ውስጥ ነበርኩ ስል «የቱ ጋ?» ይሉኛል። የቱ ጋ የሚለውን ጥያቄ አንተ ዘንድሮ ነው የሰማኸው።

እናትህ ያረፉ ጊዜ ነው የመረረኝ። አንተ አልቻልክም፣ በዚህ አልወቅስህም፣ ሥራ ነው፣ መንገድ ነው። አስታምሜ፣ ገንዤ፣ ድንኳን አስተክዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በር ላይ ቆሜ ለቅሶ ደራሽ ስቀበል፣ ሰው እጄን ይዞ የሚለኝ «ምስኪን የሺጥላ፣ እንዴት ሆኖ ይሆን» ነበር። እንዴት ነሽ ያለኝ አልነበረም። የዚያን ቀን በአክስቴ ሬሳ ፊት ቆሜ በአንተ ቀናሁ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ይህንን ነው የምናዘዘው።

አሁን ልጆች በመንገድ ሲጠሩኝ ዞር የምለው ለራሴ ነው። አታስወርድብኝ።

ነጠላውን ያሰብከው አንተ መሆንህን ለናዝራዊት ነግሬያታለሁ፤ እውነት ነውና። ጥር ላይ አንኮበር ሲያሳዩት ንግግር አድርጊ ብለውኛል። እኔ መናገር አልችልም። መቆም ነው የምችለው። አንተ ናና ተናገር፣ ግን እባክህ አሳጥረው። ልጁንም አምጣው፤ የአያቱን መቃብር ይይ።

ምንም እንድትልክልኝ አልፈልግም።
ንጋቷ

*

በርገን
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለንጋቷ፣ እናቴን ለቀበርሽልኝ፣

አምላክ ውለታሽን ይክፈል፤ እኔ አልችለውም። አውቶቡሱን አቁሜ ደብዳቤሽን አነበብኩና እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ፤ ተሳፋሪ መስታወቱን እስኪያንኳኳ ድረስ። ሠላሳ ዓመት ስትቀኚብኝ አንዲት ቃል ከአፍሽ አልወጣም። እኔ አንድ ሌሊት ቀናሁና አውሮፓን በሙሉ ቀሰቀስኩት።

የሆነውን ልንገርሽ። ዘርአ ዳዊት ያቺን ቁራጭ ደጋግሞ ሲያይ «ግን ለምንድን ነው የምትገለብጠው?» አለኝ። ነጠላውን ማለቱ ነው። እኔም ተቀምጬ አስረዳሁት። ሰው ሲሞት ጥለቱ ወደ ላይ እንደሚሆን፣ ከሩቅ ያየ ሰው ሳይጠይቅ ሐዘን መሆኑን እንደሚያውቅ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች በዚያ ሁኔታ ወደ ጋብቻ ቤት መግባታቸው ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ ነገርኩት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «አያቴ የሞተች ጊዜ አንተም እንዲህ ለብሰህ ነበር?» አለኝ።

አልለበስኩም ነበር። የዚያን ቀን ሁለት ፈረቃ ነዳሁ። ቤት ገብቼ እራት ሠራሁለት። እዚህ አገር ነጠላ ባዘቀዝቅ ማን ያነብልኛል ብዬ ነበር። እንዲህ ብዬ ነገርኩት። «እኔ አነብልህ ነበር» አለኝ። ንጋቷ፣ በልጄ ፊት አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ያለቀስኩላት ገና ባለፈው ሳምንት ነው።

በማግሥቱ ፊልሙን እንደገና እንየው አለ፣ ከመጀመሪያው። ሽማግሌዎቹ በሩን ሲያልፉ፣ አንቺ ገና ሳትገቢ፣ ልጄ ከሶፋው ተንሸራትቶ እስኪወድቅ ሳቀ። ሙሾው ጋ ስንደርስ ዞር ብሎ ተመለከተኝና፣ «አባ፣ አንተ ግን ትንሽ ታበዛዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ራሽን ካርዱን አላስረዳሁትም፣ ይቅር ብዬ ተውኩት።

ቁራጩ ይቀመጥ። ለናዝራዊትም ልክ ነሽ በያት፤ ልጅቷን ማናችንም አልጠየቅናትም።

በጥር እንመጣለን፣ ፈቃዱን ለምኜ አግኝቼ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ልጁ ቀን እየቆጠረ ነው፣ ግን የሚቆጥረው ላንቺ ነው፤ አንኮበርንም ፊልሙንም አይደለም። ያ ቅናት ሄዷል ብዬ አልዋሽሽም፣ እዚሁ አለ። መናኸሪያው ላይ ስንወርድ ሮጦ መጀመሪያ የሚያቅፈው አንቺን ነው። እኔ ሁለቱን ሻንጣ ይዤ ከኋላው እቆማለሁ። ያን ጊዜ አደራሽን፣ ፊቴን እንዳታዪብኝ።

የአክስትሽ ልጅ
የሺጥላ